«ምዝገባ ተዘግቷል» ሲሉኝ ነሐሴ 20 ነበር

ጥያቄ

እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? ዓምድዎን ሐዋሳ ሆኜም አነብ ነበር። ዘንድሮ ግን የራሴን ችግር ይዤ መጣሁ።

ባለቤቴ ሥራ ስለቀየረ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ጓዛችንን ጠቅልለን አዲስ አበባ ገባን። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ነው የምንኖረው። ልጄ የኬጂ መጨረሻ የሆነውን ዩኬጂን ሐዋሳ ጨርሳለች። የተወለደችው ታኅሣሥ 26 ቀን 2011 ስለሆነ መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል መግባት አለባት። ቤት ስንፈልግ፣ ዕቃ ስናስገባ፣ ፍልሰታም ሲገባ ጊዜው ከእጄ ወጣ።

ነሐሴ 20 ቀን አምስት የግል ትምህርት ቤቶች ዞርኩ። ሦስቱ ጋ ጥበቃው ከበር ላይ «ምዝገባ ተዘግቷል» ብሎ መለሰኝ። አራተኛው ጋ «ስልክሽን አስቀምጪ» አሉኝ፤ እስካሁን የደወለ የለም። አምስተኛው ጋ ደግሞ «አንደኛ ክፍል ሞልቷል፤ ኬጂ 3 ግን ቦታ አለን፣ አንድ ዓመት ትድገም» አሉኝ።

ጎረቤቴ «የሚያስገባ ሰው አውቃለሁ፣ ትንሽ ነገር ካሰብሽለት» ትለኛለች። ባለቤቴ «የመንግሥት እናስገባት፣ እኔም የተማርኩት እዚያ ነው» ይላል። እኔ ግራ ገብቶኛል። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ልጅቷ ደግሞ አዲሱን ቦርሳዋን አዝላ ሳሎን ውስጥ ትዞራለች። ሳያት ሆዴ ይባባል። ምን ይሉኛል?

ያረፈደችው እናት፣ ከሰሚት

መልስ

ልጄ፣ «አንቺ» ብዬ ልጻፍልሽ፤ ከመጨረሻ ልጄ ብዙም የምትበልጪ አይመስለኝም።

መጀመሪያ ነገር ተኚ። ነሐሴ 20 ረፍዷል፣ አልዋሽሽም። ግን አልመሸም።

«ተዘግቷል» የሚለውን ቃል በደንብ አውቀዋለሁ። 26 ዓመት በአንድ የግል ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ስሠራ፣ ለጥበቃው የማቀብለው እኔ ነበርኩ። በየዓመቱ ሐምሌ አጋማሽ ላይ «ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ አዲስ ተማሪ አንቀበልም ይበሉ» እላቸው ነበር። ቦታ ስላለቀ ብቻ እንዳይመስልሽ። የነባሮቹ ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ ተከምሮ፣ ደረሰኝ እየቆረጥኩ፣ በር ላይ ሠላሳ ወላጅ ቆሞ ሥራ አይሠራም። ስንት ወንበር እንደተረፈ፣ ማን እንዳልከፈለ ጥበቃው ምን ያውቃሉ? የተነገራቸውን ነው የሚናገሩት። ስለዚህ ሦስቱ ትምህርት ቤቶች ገና አልመለሱሽም። የመለሰሽ በሩ ነው።

አሁን ወንበሩ እንዴት እንደሚያልቅ ልንገርሽ። አንድ የአንደኛ ክፍል ሴክሽን 40 ልጅ ይይዛል እንበል። አብዛኛውን እዚያው ዩኬጂ የጨረሱት ልጆች ይወስዱታል። ቀጥሎ እዚያው የሚማር ወንድም ወይም እኅት ያላቸው አሉ። ቀጥሎ የመምህራንና የሠራተኞች ልጆች። ከዚያ የተረፈችው ናት ለውጭ ሰው የምትወጣው። እሷም ሚያዝያና ግንቦት አካባቢ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ወዲያው ታልቃለች። ሰፊው በር ነርሰሪ ላይ ነው። ስም ያላቸው ትምህርት ቤቶች በር ላይ ለሦስት ዓመት ልጅ ብለው ሌሊት ወረፋ የሚይዙ ወላጆች አሉ ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። ለነርሰሪው ብለው አይደለም። የአንደኛ ክፍሉን ወንበር ከአሁኑ መያዛቸው ነው። አንቺ ሐዋሳ ነበርሽ። ሰኔ ላይ ብትመጪም የሚጠብቅሽ ያው ጥቂት ወንበር ነበር። ራስሽን አትውቀሺ፤ ፍልሰታንማ ተዪው።

ታዲያ ወረቀት ላይ የሞላ ክፍል መስከረም ላይ ሞልቶ አይገኝም። ይህን ከመዝገብ ቤት ውጭ ያለ ሰው ብዙ አያውቀውም። አንዱ ቤተሰብ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ወደ ሌላኛው የከተማ ጫፍ ይሄዳል። አንዱ ክፍያ ጨመረ ብሎ ይለቃል። የአንዱ ቪዛ ይመጣለታል። አንዳንዱ ደግሞ ሁለት ትምህርት ቤት ከፍሎ ቦታ ይይዝና መጨረሻ ላይ አንዱን ይተወዋል፤ መተዉን ግን ደውሎ አይናገርም። ልጁ ይመጣል እያልን ስሙን ስንጠራ እንከርማለን። ከአንድ ሴክሽን ሁለት ሦስት ወንበር ሳይለቀቅ የቀረበት ዓመት ትዝ አይለኝም።

የሚለቀቀው መቼ ነው? ሁለት ጊዜ አለ። አንደኛው ጳጉሜ ነው። ነባሮቹ የመጀመሪያ ተርም ክፍያ እንዲከፍሉ የተሰጣቸው ቀን ብዙውን ጊዜ ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ያልቃል። ያን ጊዜ መዝጋቢዋ ያልከፈሉትን በቀይ ታሰምራለች። ጳጉሜን ሰው ሁሉ በግ ሲያማርጥና ዶሮ ሲያስማማ ትምህርት ቤቱ ጭር ይላል። ያኔ ሂጂ። ሁለተኛው ትምህርት ከተጀመረ እስከ መስቀል ያለው ጊዜ ነው። ስም ሲጠራ ዝም ያለው ልጅ የዚያን ጊዜ ይለያል። የመጀመሪያዎቹ ቀኖች መጽሐፍ ማደል፣ ወንበር ማስተካከል፣ የሚያለቅስ ማባበል ናቸው። ልጅሽ ከመስቀል በኋላ ብትገባ እንኳ ያመለጣትን በሁለት ቅዳሜ ታካክሰዋለች።

ይህን የምልሽ ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። 1995 ዓ.ም. ግንቦት ላይ እናቴ ዐረፈች። ደብረ ብርሃን ሄጄ ቀበርኩ፣ ተዝካሯን አወጣሁ። ስመለስ ሐዘኑም ድካሙም ተደራርቦብኝ በእንቅልፍ ልብ ከረምኩ። የመጨረሻው ልጄ በዚያ ዓመት አንደኛ ክፍል የሚገባ ነበር። እኔ የምሠራበት ትምህርት ቤት ያኔ ገና ኬጂ ብቻ ስለነበረው ሌላ ቦታ ማስገባት ነበረብኝ። ረሳሁት። የሰው ልጅ ስመዘግብ የምውል ሴትዮ የራሴን ልጅ ሳላስመዘግብ ነሐሴ አለቀ! የሥራ ባልደረቦቼ እስከ ዛሬ ይስቁብኛል። በር ላይ ቆሜ «ተዘግቷል እትዬ» ስባል፣ ያ ቃል እንዴት እንደሚያም የዚያን ቀን ገባኝ።

ያደረግኩት ነገር ቢኖር መመላለስ ነው። ከሥራዬ በፊት ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ጎራ እላለሁ። «እንደምን አደርሽ፣ ዛሬስ?» እላታለሁ መዝጋቢዋን። «የለም» ትለኛለች። «እሺ፣ ነገ እመጣለሁ» ብዬ እሄዳለሁ። አልቅሼ አላውቅም፣ ተቆጥቼም አላውቅም። ከመስቀል በኋላ አንድ ጠዋት ስገባ መዝጋቢዋ ስልክ ጆሮዋ ላይ ይዛለች። ወረፋ ለያዘች እናት ነው የምትደውለው፤ አይነሳም። እንደገና ሞከረች፤ አይነሳም። ቀና ስትል እኔ ፊቷ ቆሜያለሁ። ስልኩን ዘጋችና «ፋይሉን ይዘሽዋል?» አለችኝ። ይዤው ነበር።

ይኸው ነው ምስጢሩ፣ ሌላ የለውም። ወንበር ሲለቀቅ መዝጋቢ ለሁሉም እኩል አትደውልም። ቶሎ ለሚያነሳና ወረቀቱ ለተሟላ ሰው ትሰጣለች፤ ነገሩን ለመጨረስ ትቸኩላለቻ። የማታውቂው ቁጥር ሲደውል የማታነሺ ከሆነ እስከ ጥቅምት ድረስ ይህን ልማድ ተዪ። ስልክሽን የያዘው አራተኛው ትምህርት ቤት እስኪደውልልሽም አትጠብቂ። የአንቺ ቁጥር የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት አሁን የት እንዳለች እኔ ልንገርሽ? ከሻይ ብርጭቆ ሥር ናት። ሄደሽ ስምሽ መዝገብ ላይ መስፈሩን በዓይንሽ እዪ። ሦስቱ ጋም ተመለሺ። ጥበቃውን «ለማስመዝገብ ነው» አትበያቸው። «መዝገብ ቤት ማመልከቻ ላስገባ ነው» በያቸው። ማመልከቻ የያዘ ሰው ከበር አይመለስም።

ማመልከቻዋ አጭር ትሁን። አንዳንድ ወላጅ ሦስት ገጽ ጽፎ የአያቱን ታሪክ ይነግረናል። እኛ የምንፈልገው ይህንን ነው፦ «በሥራ ዝውውር ምክንያት ሐምሌ ላይ ከሐዋሳ መጥተናል። ልጄ ዩኬጂ አጠናቃለች፤ ሙሉ ማስረጃዋን አያይዣለሁ። በአንደኛ ክፍል ቦታ ከተገኘ በማንኛውም ቀን ልናስገባት ዝግጁ ነን።» ከሥር የአንቺንም የባለቤትሽንም ስልክ ጻፊ። «በማንኛውም ቀን» የምትለዋ ቃል ትልቅ ናት፤ አትርሻት።

ፋይሉን ዛሬውኑ አዘጋጂ። የልደት የምስክር ወረቀት ዋናውና ኮፒው፣ የክትባት ካርድ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የሁለታችሁ መታወቂያ ኮፒ፣ የኪራይ ውላችሁ፣ ከሐዋሳው ትምህርት ቤት ማኅተም ያረፈበት ሪፖርት ካርድና መሸኛ። መሸኛውን ሳትይዢ መጥተሽ ከሆነ ሐዋሳ ያለ ዘመድ ያውጣልሽና ፎቶውን በቴሌግራም ይላክልሽ። ዋናውን በአውቶቡስ ለሚመጣ ሰው ይስጥ። ለጊዜው ፎቶውን አሳይተሽ «ዋናው መንገድ ላይ ነው» ብትይ የሚያስቸግርሽ የለም።

ስለ ልደት ቀን አንድ ነገር ልጨምር። የልጅሽ ልደት በፈረንጅ ጃንዋሪ 4 ቀን 2019 ነው። የሆስፒታል ወረቀት ላይ 04/01/2019 ተብሎ ሰፍሮ ሊሆን ይችላል። መሐል ያለውን 01 መስከረም ብለው አንብበው ቅጹ ላይ «መስከረም 4 ቀን 2011» ብለው የሚሞሉ ወላጆች ስንት ገጥመውኛል! ዓመቱን 8 ቀንሰው በትክክል አመጡት፤ ወሩን ግን እንዳለ ገለበጡት። ልጁ በአንድ ጊዜ ወደ አራት ወር ገደማ አደገ። ዓመቱም ቢሆን ከጃንዋሪ ጀምሮ እስከ እንቁጣጣሽ 8 ይቀነሳል፣ ከእንቁጣጣሽ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ግን 7። ቅጹ ላይ የሞላሽውና የምስክር ወረቀቱ ከተለያዩ ፋይልሽ ወደ ጎን ይቀመጣል። ልጅቷ 6ኛ ክፍል ስትፈተንም ይኸው ስሕተት ተከትሏት ይመጣል።

ወደ ኬጂ 3ቱ ልምጣ። አይሆንም። እዚህ ላይ አላወላውልም። በትምህርት ፖሊሲው አንደኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመት ነው። ያንቺ ልጅ ታኅሣሥ ላይ 7 ይሞላታል። ዕድሜዋም ደርሷል፣ ትምህርቱንም ጨርሳለች። ብትደግም አንደኛ ክፍል ስትገባ 8 ልትሞላ ሦስት ወር ነው የሚቀራት። «ትድገም» ያሉሽ ለልጅቷ አስበው ነው ብዬ አልገምትም። ኬጂያቸው አልሞላም፣ አንደኛ ክፍላቸው ሞልቷል፤ ሒሳቡ ይኸው ነው። ስለ ልጅሽ ምን ያውቃሉ? ደብተሯን አዩ? ፊደል አስነበቧት? አንድም ቃል ሳያናግሯት ነው የፈረዱባት። ልጅ ደግሞ ይገባዋል። «ለምንድን ነው ወደ ኋላ የምመለሰው?» ብላ ብትጠይቅሽ ምን ትመልሺላታለሽ? ፊደል ገና ያልለየች፣ እርሳስ አስተካክላ የማትይዝ ልጅ ብትሆን ሌላ ነገር እንነጋገር ነበር። እሱንም ቢሆን ከሐዋሳዋ አስተማሪዋ ጋር እንጂ ወንበር ከሚሸጥ ሰው ጋር አይደለም።

ቦታ ሲገኝ «ኢንተርቪው» ይሏታል። አትደናገጪ። ፊደል፣ ኤ ቢ ሲ ዲ፣ ቁጥር፣ ስምሽ ማነው፣ ምን ይመስልሻል፣ ከዚያ አያልፍም። ሌሊቱን ሙሉ ስታስጠኚያት አትደሪ። ቁርሷን አብያት፣ ሽንት ቤት አስገብያት፣ አንቺ ከኋላ ሆነሽ መልሱን አትንሾካሾኪላት። አንድ ልጅ አስታውሳለሁ፤ ዳይሬክተራችን «እስከ ሃያ ቁጠር» ሲሉት ዝም። «ይህ ፊደል ምንድን ነው?» ዝም። እናቱ ላብ በላብ ሆነች። ልጁ የዳይሬክተሩን ኮት አፍጥጦ ካየ በኋላ «አንድ ቁልፍ ወድቆብዎታል፣ አምስት ነው ያለዎት» አላቸው። በዚያው ገባ።

የጎረቤትሽን «ሰው» በተመለከተ። እነዚህን ሰዎች ከመዝገብ ቤት መስኮት ስመለከታቸው ኖሬያለሁ። ብዙዎቹ ምንም አያደርጉም። ገንዘቡን ከአምስት እናቶች ይቀበላሉ፤ ከዚያ እንዳንቺው ይጠብቃሉ። ጳጉሜ ላይ ወንበር ከተለቀቀ «እኔ አስገባሁልሽ» ይላሉ። ካልተለቀቀ ትንሽ ቀንሰው ይመልሳሉ፤ እሱም ከተገኙ። ወንበሩ በሕጋዊ መንገድ የሚለቀቅ ከሆነ ደላላ ምን ይሠራል? በእውነት ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሰው አለው ቢባል ደግሞ ልጅሽን የምታስገቢው በጉቦ ወንበር የሚሸጥ ትምህርት ቤት ነው ማለት ነው። ለጎረቤትሽ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለሽ ቡና አጠጫት፣ ወሬውን ቀይሪ።

ያረፈደ ሰው ሌላም አደጋ አለበት፦ ቦታ አገኘሁ ብሎ ሳያይ ይከፍላል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ገና ሰፊ ቦታ ያለው ትምህርት ቤት ካገኘሽ ደስ ይበልሽ፣ ግን ለምን ባዶ ሆነ ብለሽ ጠይቂ። አዲስ ሴክሽን ከፍተው ከሆነ መልካም ነው፤ ላረፈደ ሰው ከዚያ የተሻለ ዕድል የለም። ፈቃዳቸውን ግን እዪ። የግል ትምህርት ቤት የሚፈቀድለት በክፍል ደረጃ ነው። በአዲስ አበባ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚያድሰው የትምህርትና ሥልጠና ጥራት ቁጥጥር ባለሥልጣን ነው። ለኬጂ ብቻ ተፈቅዶለት አንደኛ ክፍል ከፍቶ የሚያስተምር አይጠፋም። ወረቀቱ ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሰቅሎ ይገኛል፤ ቆም ብለሽ እስከየትኛው ክፍል እንደሚል፣ መቼ እንደታደሰ አንብቢው። ቢያንስ እስከ 6ኛ ክፍል ይበል። ያኔ ከተማ አቀፍ ፈተና ስላለ፣ ማስረጃዋ የማያወላዳ መሆን አለበት።

ገንዘቡንም አብጠርጥሪ። ወርሃዊ ወይም የተርም ክፍያውን ሁሉም ይነግርሻል። የማይነግሩሽ ከሥሩ ያለውን ነው። የመመዝገቢያው አለ፣ የመጽሐፉ፣ የዩኒፎርሙ፣ አንዳንዱ ጋ ደግሞ የስፖርት ልብሱ ለብቻው። የዘንድሮው ጭማሪ ከወላጆች ጋር ተነጋግረውበት የጸደቀ ነው ወይስ ኅዳር ላይ ሌላ ደብዳቤ ይመጣል? ልጅቷ ባትገባ የከፈልሽው ይመለሳል? መልሱን በአፍ አትቀበዪ፤ ደረሰኙ ላይ ወይም ቅጹ ላይ ይጻፍ። ስታቅማሚ ካየችሽ መዝጋቢዋ «ሁሉም እንደዚህ ነው የሚከፍለው» ትልሻለች። እኔም እል ነበር፣ ይቅር ይበለኝ።

ሰርቪስ ደግሞ የአርፋጅ ፈተና ነው። መኪናው ነሐሴ ላይ ሞልቷል። ስለዚህ ከሰሚት ርቀሽ ስሙ የገነነ ትምህርት ቤት አትፈልጊ። የስድስት ዓመት ልጅ ጠዋት 12 ሰዓት ተቀስቅሳ፣ መገናኛ ላይ መኪና ውስጥ ተኝታ ክፍል የምትደርስ ከሆነ የትምህርት ቤቱ ስም ምን ይጠቅማታል? በእግር የሚደረስ፣ የአንደኛ ክፍል አስተማሪዋ ልጅ የምትወድ፣ መካከለኛ ትምህርት ቤት ካገኘሽ ዓይንሽን አትሺ። አስተማሪዋን እንዴት አውቃታለሁ ካልሽ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ልጆቿን ለመውሰድ በር ላይ የቆመች እናት ጠይቂ። አሁን ክረምት ስለሆነ በር ላይ ሰው የለም፤ የሕንጻችሁ ሱቅ ጋ ጠይቂ። የኮንዶሚኒየም ባለሱቅ የማን ልጅ የት እንደሚማር፣ የትኛዋ አስተማሪ እንደምትቆጣ ያውቃል።

ባለቤትሽን አታሳፍሪው። ግማሽ እውነት አለው። እንዲያውም ነገ ጠዋት በአቅራቢያችሁ ካለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ሂዱና አስመዝግቧት። ከ2012 ጀምሮ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ዩኒፎርሙንና ደብተሩን ከተማው ነው የሚያቀርበው፣ ልጆቹም እዚያው ይመገባሉ። ክፍሉ ብዙ ልጅ ሊኖረው ይችላል፣ አልደብቅሽም። ግን የሠለጠነ አስተማሪ አለ፣ ሜዳ አለ። ኮንዶሚኒየም መሐል ባለ ፎቅ ቤት በተከራዩ በስንት የግል ትምህርት ቤቶች ውስጥ ልጅ የሚሮጥበት ሜዳ የለም መሰለሽ። መስከረም ሲብት ልጅሽ ቦርሳዋን አዝላ የምትሄድበት ቦታ ይኑራት። አንቺ ጎን ለጎን ትመላለሺያለሽ። የግሉ ከተገኘ መሸኛ አውጥተሽ ትወስጃታለሽ፤ ስትለቂ ግን ንገሪያቸው፣ ወንበሩን ለሌላ ልጅ ይስጡት። ካልተገኘ ደግሞ ጥር መጨረሻ ላይ የመጀመሪያው መንፈቅ ሲያልቅ ሌላ ትንሽ በር ይከፈታል። ምናልባት ያን ጊዜ ልጅቷ ጓደኛ ይዛ «አልሄድም» ትልሽ ይሆናል። እኔ ብዙ አይቻለሁ።

ሐሳብሽ «እንዳትጎዳብኝ» ነው። ገባኝ። ግን አንደኛ ክፍል ላይ ልጅን የሚጎዳው ወር ሙሉ ቤት መቅረቱና የእናቱን ፊት እያየ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ብሎ ማሰቡ ነው። ቦርሳዋን አዝላ ስትዞር አትሸሻት። «ትምህርት ቤት እየመረጥንልሽ ነው» በያት። እውነት ነውና።

ጥያቄ

እንደምን ሰነበቱ። የልጅ ልጄን የማሳድገው እኔ ነኝ። እናቱ ቤሩት ናት፣ አባቱ አጠገባችን የለም። ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው። ትምህርት ቤት ስወስደው የልደት የምስክር ወረቀት አምጡ አሉኝ። የለውም፤ ማን ያውጣለት? እንደዚህ እያልኩ አምናም ሳላስገባው ቀረሁ። ዘንድሮም ሊያመልጠው ነው።

አያት፣ ከጎሮ

መልስ

እትዬ፣ እርስዎም አርፍደዋል፣ ግን የእርስዎ ማርፈድ ከላይኛዋ ልጄ ይለያል። እሷ ወንበር ነው የጎደላት፣ እርስዎ ወረቀት። ወረቀት ደግሞ ይገኛል።

ልደት በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ ነበረበት። ያ ጊዜ አለፈ ማለት ግን አይመዘገብም ማለት አይደለም። ዘግይቶም ይመዘገባል። ወላጅ በሌለበት አሳዳጊ ማስመዝገብ ይችላል። የሚሄዱት ወረዳ፣ ቀድሞ ወሳኝ ኩነት ይባል የነበረው የሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ነው። መታወቂያዎን፣ የልጁን የክትባት ካርድ፣ ሆስፒታል ተወልዶ ከሆነ የሆስፒታሉን ወረቀት፣ የክርስትና ካርድ ካለው እሱንም ይያዙ። ልጁ የእርስዎ ዘር መሆኑን የሚመሰክሩ ጎረቤቶችም ይዘጋጁ፤ ሊጠይቁዎት ይችላሉ። ባለጉዳይ የሚበዛው ከእንቁጣጣሽ በኋላ ስለሆነ በዚህ ሳምንት ይሂዱ።

እናቱ ቤሩት ካለው ቆንስላችን ውክልና ብትልክልዎ መልካም ነው፤ ለትምህርት ቤትም፣ ለሕክምናም፣ ነገ ለሌላውም ይጠቅምዎታል። ያ እስኪመጣ ግን ልጁን አያስቀምጡት። የመንግሥት ትምህርት ቤት ርእሰ መምህሩን ራሳቸውን ያነጋግሩ። «ወረቀቱን ጀምሬያለሁ፣ ይኸው የወረዳው ቀጠሮ» ይበሏቸው። ቀጠሮ የተጻፈባት ወረቀት ካለችዎት ልጁን ክፍል አስገብተው እርስዎን ይጠብቁዎታል። ባዶ እጅዎን ከሄዱ ግን ዘንድሮም «አምጡ» ነው የሚሉዎት።

ኬጂ አልገባም ብለውም አይፍሩ። ከዛሬ ጀምሮ ማታ ማታ ከሀ ጀምረው አምስት አምስት መስመር ፊደል ያስቆጥሩት። እርስዎ ማንበብ ባይችሉ የጎረቤት ልጅ አያጡም።

የምስክር ወረቀቱ ሲወጣ አምስት ኮፒ ያስነሡና ዋናውን ሣጥንዎ ውስጥ ያስቀምጡት። ላሚኔት ግን አያስደርጉት። እንዳይቀደድ ብሎ የሚያስለብጠው ሰው ብዙ ነው። አንድ ቀን እናቱ ልውሰደው ስትል ወረቀቱ ላይ የማረጋገጫ ማኅተም ማረፍ አለበት፤ ፕላስቲክ ላይ አይመታም።